ከጋሻ መውደቅ የተማረችው ኤሊ

ተረት ልጀምር ነው። በረቱ ይዘጋ፣ ጆሮ ይከፈት። የሚያስነጥስ አሁኑኑ ያስነጥስ፤ መሀል ላይ ያቋረጠኝ እሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ የአያቴ አያት ሳይወለዱ፣ እንስሳ ሁሉ ሲያወራ፣ ዕቃም ሲጠይቁት ሲመልስ የነበረ ጊዜ ነው። እኔ አላየሁም። ያየ ሰው የነገራቸው ሰዎች ነግረውኛል፤ ከጨመሩበት እነሱ ይጠየቁ።

በአንድ ቆላ፣ ከአንዲት ኩሬ ዳር፣ እመት እርጋታ የምትባል ኤሊ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጅቱ ክብና አጭር ስለነበረች እንጉዳይ ብለው ጠሯት። ያለቻት አንድ ልጅ እሷ ብቻ ናት። አባቷ የሞተው እሷ ከእንቁላል ሳትወጣ ነው። እንዴት እንደሞተ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉ፣ ተረቱ የኤሊ ነው።

ኤሊዎች አንድ ሕግ አላቸው። አጭር ሕግ ነው፦ «ሲመጡ ግባ።» ማን ሲመጣ ቢሉ፣ ማንም ሲመጣ። ጅብ ሲመጣ ግባ፤ ነፋስ ሲመጣ ግባ፤ እንግዳ ሲመጣም ግባ። ራስ ወደ ቅርፊት፣ እግር ወደ ቅርፊት፣ ጭራ ወደ ቅርፊት፤ ከዚያ መጠበቅ። እመት እርጋታ ሕጉን ከእናቷ ተማረች፤ እናቷም ከእናቷ። እንጉዳይ ከእንቁላሏ ወጥታ ዐይኗን እንኳ ሳትገልጥ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል «ግቢ» የሚል ነበር።

ገባችም። እንዲያውም ከመግባት በቀር ሥራ አልነበራትም። ቅጠል ሲወድቅ ትገባለች። ጅግራ ስትጮህ ትገባለች። ጎረቤት «እንደምን አደርሽ፣ እንጉዳይ?» ሲላት ትገባና፣ ጎረቤቱ ርቆ ከሄደ በኋላ ብቅ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እናትየው በዚህ ትኮራ ነበር። «የእኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ ድምጿ አይሰማም» እያለች ታወራለች። ፍርሃትን ጨዋነት ያለች እናት እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ የመጨረሻዋም አትሆንም።

አንድ ዓመት በጋው ከፋ። ጥር ሳያልቅ ኩሬዋ ጎደለች፤ የካቲት ሲገባ ጭቃ ሆነች። ማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ በጋ የማይነካው ምንጭ አለ። ወደዚያ ለመድረስ ግን አንድ ሰፊ ዝርግ አለት ማቋረጥ ግድ ነው። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ እሾህ፤ ሌላ መንገድ የለም። አለቱ ላይ ደግሞ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ።

ትልልቆቹ ዝንጀሮዎች ክፉ አልነበሩም። ቅማል ይለቃቀማሉ፣ ያንቀላፋሉ፤ ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ችግሩ ልጆቻቸው ናቸው። እነሱም ክፉ ከማለት ሥራ ፈት ማለት ይቀላል። አለቃቸው ዘለለው የሚባል ጎረምሳ ነበር። ዘለለውና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ «ክዳን ግልበጣ» የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ኤሊ ባለፈች ቁጥር ይይዙና በጀርባዋ ይገለብጧታል። እንደ ድስት ክዳን ትወዛወዛለች፤ ይስቃሉ፤ ሲሰለቻቸው ትተዋት ይሄዳሉ። ለእነሱ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ለኤሊዋ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀትር ላይ ያ አለት እንቁላል ይጠብሳል።

የእንጉዳይ አባት የሞተው እዚያ ነው። ገለበጡት፤ ገባ፤ ጠበቀ። ልጆቹ ሄደው፣ ትልልቆቹም ወደ ገደላቸው ወርደው፣ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ አንገቱን ሳያወጣ ጠበቀ። ሕጉን አክብሮ ሞተ።

እመት እርጋታ ጭቃውን አየች፤ አለቱን አየች። «ዝናብ ይመጣል፤ እንጠብቅ» አለች። ጠበቁ። ጭቃው መሰንጠቅ ጀመረ። የጠዋት ጤዛ ከሣር ላይ እየላሱ ሰነበቱ።

«እማዬ፣ መጋቢት ሲያልቅ ምን እንጠጣለን?» አለች እንጉዳይ አንድ ቀን።

እናትየው ወደ ቅርፊቷ ገባች። ልጅቱ በዚህ ነገሩን ተረዳችው። ካልተሻገሩ ይሞታሉ፤ ከተሻገሩ ይገለበጣሉ። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ወትሮ ስትፈራ ቅርፊቷ ውስጥ ነበር የምትደበቀው። ያን ቀን ግን የሚደበቁበትም ቦታ ውሃ እንደሌለው ታያት። «ትግል የሚያስተምረኝ ልፈልግ» ብላ ተነስታ ሄደች።

መጀመሪያ ያገኘችው አያ ወጠጤን ነው። ቀንዱን በዛፍ ግንድ ላይ ይስላል።

«አያ ወጠጤ፣ ትግል ያስተምሩኝ።»

«ቀላል ነው» አለ አያ ወጠጤ። «ወደ ኋላ ትሄጃለሽ፣ ትንደረደሪያለሽ፣ በግንባርሽ ትመቻለሽ። በቃ። እኔ በዚሁ ሦስት ሚስት አግኝቻለሁ።»

እንጉዳይ ወደ ኋላ ሄደች። ወደ ኋላ ስትሄድ ረፋዱ አለፈ። ተንደረደረች። ስትንደረደር ቀትሩ አለፈ። ግንዱ ጋ ስትደርስ አያ ወጠጤ ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር። ግንዱን በግንባሯ ነካ አደረገችው።

«አቤት?» አላት ግንዱ።

«ምንም አይደለም፤ ይቅርታ» ብላው ተመለሰች።

በማግስቱ እትዬ ጃርት ጋ ሄደች።

«እትዬ ጃርት፣ ትግል ያስተምሩኝ።»

«ጀርባሽን ስጪ፣ እሾህሽን አቁሚ፣ ወደ ኋላ ሂጂባቸው» አለች እትዬ ጃርት። «የመጣው ሁሉ ተወግቶ ይመለሳል።»

«እሾህ የለኝም።»

እትዬ ጃርት ዞራ አየቻት፤ አዘነችላት። «ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ? እኔ ያለኝን ነው የማስተምረው።»

እውነቷን ነው። የሌለውን የሚያስተምር ሞልቷል፤ እሷ ከእነሱ ትሻላለች።

በሦስተኛው ቀን እንጉዳይ ዳገቱን ወጣች። እዚያ አንድ የፈረሰ ቤት አለ። ባለቤቱ ጦረኛ ነበር አሉ፤ ከሞተ ቆይቷል። ጣራው ወድቋል፤ የግድግዳው ግማሽ የድንጋይ ክምር ሆኗል። ከክምሩ ሥር አንድ የጎሽ ቆዳ ጋሻ በጀርባው ተንጋሎ ይተኛል፤ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል።

እንጉዳይ ስታየው የተገለበጠ ኤሊ መሰላት። ሮጠች፤ ማለቴ፣ ኤሊዎች ሩጫ የሚሉትን ሮጠች።

«አባቴ፣ ተገለበጡ? ላቃናዎት?»

«ተይኝ፣ ተመችቶኛል» አሉ ጋሻው። «አባ መክት እባላለሁ። ኤሊ አይደለሁም፤ ጋሻ ነኝ። ሰባት ዘመቻ ዘምቻለሁ።»

እንጉዳይ ደስ አላት። «እንግዲያውስ መምታት ያስተምሩኝ።»

«መምታት የሚያስተምርሽ ሽመሉ ነበር። እዚያ ጥግ ቆሞ ሳለ ምስጥ በላው። እየተበላም ይፎክር ነበር» አሉ አባ መክት። «እኔ በሰባቱም ዘመቻ አንድ ሰው አልመታሁም።»

«ታዲያ ምን ያውቃሉ?»

«ተመትቶ መቆም አውቃለሁ። ወድቆ መነሳትም ጥቂት አውቃለሁ። ከፈለግሽ ነገ ጠዋት ነይ። ስትመጪ ሰላምታ ስጪ፤ ያለ ሰላምታ የተጀመረ ትግል ጠብ ነው።»

እንጉዳይ ነገሩን አልወደደችውም። መምታት ፈልጋ መጥታ «መመታት ተማሪ» ስትባል ማን ይወዳል? ሌላ መምህር ግን አልነበረም። በማግስቱ ተመለሰች።

ከእሷ ሌላ አንድ የጥንቸል ልጅም መጥቶ ነበር። አባ መክት ሁለቱን እርስ በርስ ሰላም አሰኝተው፣ «ከክምሩ ጫፍ ያለው ድንጋይ ላይ ውጡ» አሉ። ወጡ። «ውደቁ» አሉ።

«ምን አሉን?» አለ ጥንቸሉ።

«ውደቁ። የመጀመሪያው ትምህርት መውደቅ ነው።»

ጥንቸሉ በሦስት ዓይነት ወድቆ ሦስቴ ተነሳና «ይሄን ቻልኩት፤ ነገ ምን አለ?» አለ። «ነገም መውደቅ ነው» ሲሉት ሄደ። ስለ እሱ ከዚህ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።

እንጉዳይ ከድንጋዩ ጫፍ ቆማ ወደ ታች አየች። ገባች። ቆየች። ብቅ አለች። እንደገና አየች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደቀች፤ ተንከባልላ በጀርባዋ ሆነች። ወዲያው ራሷንም እግሯንም ሰበሰበች።

«አቃኑኝ» አለች ከውስጥ።

«እጅ የለኝም» አሉ አባ መክት። «ቢኖረኝም አልሰጥሽም ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንገትሽን አውጪ።»

«የእኛ ሕግ መግባት ነው።»

«ገብተሽ ቆይተሽ ተነስተሽ ታውቂያለሽ?»

እንጉዳይ እግሯን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሰበሰበች።

«እኔ ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ» አሉ አባ መክት። «ወድቆ የተጨማደደው እዚያው ቀርቷል። በወደቀበት ዐይኑን የገለጠ፣ እጁን የዘረጋ፣ እሱ ተነስቷል። ያስፈራል። አያስፈራም ብዬ አልዋሽሽም። አንገት ለስላሳ ነው፤ የሚነካው ሁሉ ያቆስለዋል። ግን መሬቱን የሚገፋልሽ እሱ ነው፤ ሌላ የለሽም።»

እንጉዳይ አንገቷን ለማውጣት ከሰዓቱን ሁሉ ፈጀች። ጥቂት ታወጣለች፣ ትመልሳለች። ጥቂት ታወጣለች፣ ትመልሳለች። በመጨረሻ ሙሉውን ዘረጋችው። ሰማዩን ተንጋልላ አየችው፤ ከጠበቀችው ይልቅ ሰፊ ነበር። በራሷ መሬቱን ገፋች፣ እግሯን አወራጨች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አልሆነም። አባ መክትም ነፋሱ በመጣ ቁጥር ከጎኗ ይወዛወዙ ነበር። «ከትንፋሽሽ ጋር» ይላሉ። «አትቸኩዪ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገልበጥ ብላ በእግሯ ቆመች።

«ተነሳሁ» አለች።

«አየሁ። ውጪና ውደቂ» አሉ አባ መክት።

ትንሽ ቅር አላት፤ ምስጋና ጠብቃ ነበር። ግን ወጣች፤ ወደቀች።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ትሰጣለች፣ በቀን ሰባት ጊዜ ትወድቃለች፣ ሰባት ጊዜ ትነሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ውድቀት ግማሽ ቀን ይበላ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አባ መክት «ውደቂ» ሳይሉ መውደቅ ጀመረች። ያኔ ሁለተኛውን ትምህርት ሰጧት። ከክምሩ ላይ ጠጠር ሲንከባለል ዐይኗን ሳትጨፍን ማየት፣ የሚመጣበትን መለየት፣ ጠንካራ ጎኗን መስጠት። «የጨፈነን ሁሉም ይመታዋል፤ ያየን አንዱ ብቻ ይመታዋል» ይሏት ነበር። ጠጠሮቹም ተባባሪዎች ነበሩ፤ «መጣሁ» እያሉ ነበር የሚንከባለሉት።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ከበዳት። አባ መክት ማንገቻቸውን፣ ያን የቆዳ ጠፍር፣ «ንከሺው» አሏት። ነከሰችው። «አሁን ልቀቂው» አሏት። አልቻለችም። ኤሊ ነክሳ መልቀቅ አይሆንላትም፤ መንጋጋዋ አንዴ ከገጠመ የገጠመ ነው። በዚያ ላይ እንጉዳይ በልቧ የነከሰችው ጠፍሩን አልነበረም።

«የማን ጣት መስሎሽ ነው?» አሉ አባ መክት።

አፏ ስለተያዘ አልመለሰችም። ዕንባዋ ግን መጣ። የማታውቀው አባቷ ታወሳት፤ የደረቀው ኩሬ፣ የእናቷ ወደ ቅርፊት መግባት።

«መንከስ የሚችል ሞልቷል» አሉ ቀስ ብለው። «የያዘውን በፈቃዱ የሚለቅ፣ እሱን ነው የምፈራው። እኔ ዘንድ የወደቀ አይመታም፤ የተማጠነ አይያዝም። ይሄን ካልቻልሽ ነገ አትምጪ።»

እስከ ማታ ቆየች። ከዚያ መንጋጋዋ ተላቀቀ። በማግስቱ መጣች።

ታዲያ ልጅቱ ተለወጠች። ማንም አዋጅ አልነገረም፤ ነገሩ በትንሽ በትንሹ ነው የታየው። መንገድ ስትሄድ ዳሩን ትታ መሀሉን መያዝ ጀመረች። ጎረቤቶችን ቀድማ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። አያ ወጠጤ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። እናቷ ግን አልወደደችም።

«ጎረቤት ምን ይላል? ቀኑን ሙሉ አንገትሽ ውጭ ነው» አለቻት።

«እማዬ፣ ነገ እንሻገር።»

«አብደሻል?»

«ጭቃው ደርቋል። ጤዛውም ቀርቷል። ብንገለበጥ መነሳት አለ፤ ላስተምርሽ።»

«ኤሊ ከተገለበጠ የሚያነሳው እግዚአብሔር ብቻ ነው» አለች እመት እርጋታ። «መሻገሩን እሻገራለሁ፤ ውሃ ጥም ነው የሚያሻግረኝ። ከመጡ ግን ገብተን እንጠብቃለን። አንገት የሚያወጣ አንገቱን ያጣል።»

ዝንጀሮዎቹ ሳይነቁ ለማለፍ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን እግሩ የኤሊ ነው። አለቱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላ፣ ዝንጀሮዎቹ ቁርሳቸውን በልተው፣ ጀርባቸውን ለሙቀቱ ሰጥተው ተደርድረዋል።

«እንመለስ» አለች እናት።

«ወዴት?» አለች ልጅ።

ወደየትም አልነበረም። ሄዱ። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ዘለለው አያቸው።

«ክዳን መጣ» አለ ለወንድሞቹ። «ያውም ትልቅና ትንሽ።»

እመት እርጋታ ድምፁን ስትሰማ ገባች። «ግቢ፣ ልጄ፤ እንዳትወጪ» የሚለው ድምጿ ከቅርፊቷ ውስጥ ታፍኖ ተሰማ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተጋግዘው ገለበጧት፤ ከባድ ስለነበረች ደከማቸውና ተቀምጠው ማለክለክ ያዙ። ትንሿን ዘለለው ለራሱ አደረጋት።

እንጉዳይ ቆማ አየችው። «እንደምን አደርክ» አለችው።

ዘለለው ሰላም የሚል ክዳን ገጥሞት አያውቅም። ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ ገለበጣት።

አንድ። እንጉዳይ ሳታስበው ገባች። የተለመደ ነገር ቶሎ አይለቅም። ጨለማው ውስጥ የእናቷን «እንዳትወጪ» ትሰማለች፤ ከሥሯ አለቱ መጋል ጀምሯል። የዝንጀሮው ትንፋሽ ቅርብ ነው። ፈራች። ፈርታም አንገቷን አወጣች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ተነሳች።

«ድንጋዩ ነው ያቃናት» አለ ዘለለው፤ ገለበጣት።

ሁለት። በዚህኛው ከነጭራሹ አልገባችም። ሳቁን ሳይጨርስ በእግሯ ቆማ ጠበቀችው። አሁን የሳቀው አንዱ ታናሽ ወንድሙ ነበር። «ዘለለው፣ አንተን ነው እኮ የገለበጠችህ» አለው።

ይሄ ነገር አበላሸ። መሳቅ የለመደ ሲሳቅበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዘለለው ገለበጣትና በአንድ እጁ ሆዷን ተጭኖ፣ በሌላው አንገቷን ሊይዝ ጣቱን ሰደደ።

ሦስት። እንጉዳይ ዐይኗን አልጨፈነችም። የሚመጣውን ጣት አየችው፤ ነከሰችው።

የዘለለው ጩኸት ገደሉን አስተጋባ። ወንድሞቹ ሸሹ። ትልልቆቹ ዝንጀሮዎች ቅማላቸውን ትተው ዞሩ። ዘለለው ተንበርክኮ «ልቀቂኝ፤ በእናትሽ ልቀቂኝ» ይላል። መንጋጋዋ ግጥም ብሏል። ልትቀረጥፈው ትችል ነበር። ብትቀረጥፈው ደስ ይላት ነበር፤ ውሸት አልነግራችሁም፣ ደስ ይላት ነበር። ግን ተማጥኗል። አንድ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ሁለት ተነፈሰች፤ ለቀቀችው።

ተነሳችና «ጣትህ እጅህ ላይ ነው። አሁን መንገዳችንን ተወን» አለችው።

አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ መጥቶ ጣቱን አገላብጦ አየ። ደህና ነው። ዘለለውን አንድ ኩርኩም አቅምሶት ጎትቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ክዳን ግልበጣ ግን ቀርቷል፤ የማይስቁበት ጨዋታ ማን ይጫወታል?

ተረቱ እዚህ የሚያልቅ መስሏችሁ የተነሳችሁ ተቀመጡ። እመት እርጋታ አልተነሳችም።

በጀርባዋ ሆና፣ ገብታ፣ ትጠብቃለች። ፀሐይዋ አናት ላይ እየመጣች ነው። እንጉዳይ በትከሻዋ ገፋቻት። እናትየው ሦስት እጥፍ ትከብዳለች፤ ወዝ እንኳ አላለችም።

«እማዬ፣ አንገትሽን አውጪ።»

«ሄዱ?»

«ሄደዋል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ባይሄዱም አውጪ።»

«እጠብቃለሁ» አለች እናት ከውስጥ። «ጠብቄ ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት።»

እንጉዳይ ለመነቻት። ስለ መግፋት፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ግራና ቀኝ ነገረቻት። እናትየው «እሺ ልጄ፣ ትንሽ ቆይቼ» ትላለች። አለቱ እየጋለ፣ ድምጿም እየደከመ ሄደ። እንጉዳይ በዘለለው ፊት ከፈራችው በላይ አሁን ፈራች። የተማረችው ሁሉ ለራሷ ነበር። ሌላውን የሚያነሳ ትምህርት አባ መክት አልሰጧትም።

ዞር ዞር ብላ አየች። ከእናቷ አጠገብ አንዲት ጉብ ያለች ድንጋይ አለች። አንገቷ ዝሏል፣ እግሯ ይቃጠላል፤ አራተኛ ጊዜ ብትገለበጥ ለመነሳቷ ዋስትና የላትም። ይሄን አሰበችው። አስባ ድንጋይዋ ላይ ወጣች።

«እማዬ፣ እኔም ወደቅሁ» አለች፤ ወደቀችም።

ቅርፊቷ አለቱን ሲመታ እመት እርጋታ ሰማች። ሕጉ እንዲህ ሲሆን ምን አድርጊ እንደሚል ልታስብ ጊዜ አላገኘችም። አንገቷ ወጥቶ ነበር። ሙሉው፣ እስከ ሥሩ፣ ልጇ ወዳለችበት ዞሮ።

ሁለቱም ተንጋለው፣ ፊት ለፊት ተያዩ። እንጉዳይ የእናቷን አንገት በሙሉ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ረጅም አንገት ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አሁን እዪኝ፣ እኔ የማደርገውን አድርጊ» አለች እንጉዳይ። «ራስሽን መሬት ላይ። ግፊው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አትቸኩዪ።»

«አፈርኩ» አለች እናት እየተወዛወዘች። «በዚህ ዕድሜዬ።»

«ማንም አያይሽም። ከትንፋሽሽ ጋር።»

እናትየው አንድ ጊዜ ሞከረች፤ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ተመለሰች። በሦስተኛው ቅርፊቷ ከአለቱ ላይ ተነስቶ በጎኗ ቆመ፤ ትንሽ አመነታ፤ ወደቀ፤ በእግሯ ሆነች። ልጅቱ ግን አልተነሳችም። ጉልበቷን በማሳየት ጨርሳ ነበር። እመት እርጋታ ሄዳ፣ ያን ለዘመናት የደበቀችውን ረጅም አንገት ከልጇ ጎን ሥር አስገብታ፣ ገፍታ አነሳቻት።

ማታ ምንጩ ጋ ደረሱ። ጠጡ። እናትየው ስትጠጣ አለቀሰች፤ እንባው ይሁን ውሃው እኔ አልለየሁም።

በዓመቱ እመት እርጋታ እዚያው ምንጩ ዳር ሌላ ባል አግብታ ስድስት ልጆች ፈለፈለች። ገና ቅርፊታቸው ሳይጠና፣ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ታሰጣቸውና አንድ በአንድ ጉብታ ላይ አውጥታ በአንገቷ ገፋ እያደረገች ትጥላቸው ነበር። ጎረቤቶች እያዩ «ምን ያለች ጨካኝ እናት ናት» አሉ። እሷም ከወደቁት አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ሳትነካቸው፣ እስኪነሱ ትጠብቃለች። መጠበቅስ ድሮም ታውቅበታለች።

ተረቴ ይህን ያህል ነው፤ ጉሮሮዬን ውሃ አርሱልኝ። ልጅን ከመውደቅ የሚያድን ወላጅ የለም፤ መነሳት ያስተማረው ግን አድኖታል።